መያዣ የሌለው ጠረጴዛ

ዕቃ መምረጥ ቀላል ነገር ይመስላል። ገበያ ትወጣላችሁ፣ ታገላብጣላችሁ፣ ዋጋው ላይ ትጨቃጨቃላችሁ፣ ከዚያ ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ግን ዕቃን ለራሱ ለዕቃው ብሎ የሚመርጥ ሰው ብዙ አይደለም። ጃንጥላ የሚመርጥ ሰው ዝናቡን አያስብም፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሲዘረጋው ማን እንደሚያየው ነው የሚያስበው። ለልጁ ሠርግ ወንበር የሚመርጥ ሰው ተቀምጦ አይሞክረውም፤ ራቅ ብሎ ቆሞ በአማቾቹ ዓይን ያየዋል። ማሰሮ የምትመርጥ ሴት ደግሞ ልቧ ያለው ማሰሮው ላይ ሳይሆን የባሏ እህት ቤት ባለው ማሰሮ ላይ ነው፤ ከዚያኛው ትንሽ ከፍ ካለ ቢያፈስም ግድ የላትም።

ለራሱ ተብሎ የሚመረጥ በሬ ብቻ ነው። እሱም ሁልጊዜ አይደለም።

ስለ በሬ ትንሽ አውቃለሁ። በእኛ አገር በሬ የሚገዛ ሰው ብቻውን ገበያ አይወጣም፤ ዓይን አለው የተባለ ሰው ይዞ ይወጣል። ሱሉልታም ይሁን ቡራዩ፣ ሰበታም ይሁን ሰንዳፋ፣ ገዢው ከፊት ይሄዳል፣ እኔ ከኋላ እከተላለሁ። በሬውን አንድ ጊዜ እዞረዋለሁ። ጥርሱን አያለሁ፣ ሰኮናውን አያለሁ፣ አረማመዱን አያለሁ። አንድ ቃል አልናገርም፤ ባለ በሬው አጠገባችን ቆሞ ጆሮውን አቅንቶ ምን ይባላል? ካልወደድኩት ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ከወደድኩት ታፋውን በመዳፌ አንድ ጊዜ ጠፍ አደርግና ወደ ጎን እላለሁ። በቃ። ከዚያ ወዲያ ያለው የገዢውና የሻጩ ጉዳይ ነው።

የመረጥኳቸው በሬዎች ሁሉ ጥሩ ነበሩ አልላችሁም። አንዱ ቀንበር ሲያይ ይተኛ ነበር። በእርግጫም በልመናም አይነሳም። ባለቤቱ ግን፣ «ደጀኔ አንድ ያየበት ነገር አለ» እያለ ዓመቱን ሙሉ ጠበቀው። የሚለፈልፍ ሰው አንድ ጊዜ ከተሳሳተ አለቀለት፤ ዝም ያለ ሰው ሲሳሳት ግን ሌሎቹ ናቸው ያልገባቸው። ዝምታ ብዙ ጥቅም አለው። ጉዳቱን በኋላ አጫውታችኋለሁ።

ልጄ ታደሰ ሐኪም ሆኖ ከባሕር ማዶ የተመለሰው ጃንሆይ በነበሩበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ለሱሉልታ ሰው ሕክምና ማለት ከሁለት አንዱ ነበር፤ ወይ እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ መውረድ፣ ወይ በገበያ ቀን መርፌውን በኮት ኪሱ ይዞ ለሚመጣው ሰው ክንድን መስጠት። ሰውዬው መርፌውን የሚወጋው ለሁሉም ነበር። ራስ ላመመውም፣ ወገብ ለያዘውም፣ ከሚስቱ ለተጣላውም። ታደሰ አዲስ አበባ መቅረት ሲችል መጣና በጎጃም መንገድ ዳር ከወይዘሮ ፋንታዬ ሁለት ክፍል ተከራየ። ክፍሎቹ ድርቆሽ ይከማችባቸው ስለነበር ሰው ገብቶ ከማስነጠሱ በፊት አይወጣም። የመጀመሪያው ሕመምተኛ ማስነጠስ የጀመረው እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው ይባላል።

ታደሰ ለእናቱ ለብርቄ እንዲህ አላት፦ «እስከ መስቀል እሞክራለሁ። ሰው ከመጣ እዚሁ እሆናለሁ። ካልመጣ ሐረር ቦታ ይዘውልኛል።»

ለእኔ አልነገረኝም። ብርቄ ናት የነገረችኝ፣ እሷም ስለ ሌላ ነገር ስታወራ አምልጧት። ለእኔ ማንም ምንም አይነግረኝም። የዝምታ ጉዳቱ ይሄ ነው፤ ሁሉን ያወቅህ ይመስላቸዋል።

ሐረር ሩቅ ነው። ያ ልጅ ትምህርት ሲል አዲስ አበባ፣ ትምህርት ሲል ባሕር ማዶ፣ እኔ ቤት ያደረባቸው ቀናት ቢደመሩ ከአንድ ጥጃ ዕድሜ አይበልጡም። እንዲቀር ፈለግሁ። «እዚሁ ሁን» ብዬ ግን አልነገርኩትም። እንዲህ ያለውን ነገር አባት ለልጁ ምን ብሎ ይጀምረዋል? እናንተ የምትችሉበት ከሆናችሁ ደግ ነው፤ እኔን ግን ድንጋያማ መሬት እረስ ቢሉኝ ይሻለኛል።

እንግዲህ ታደሰ፣ «ያለ መመርመሪያ ዕቃ የማደርገው ግምት ነው» ይል ጀመር። የሚፈልገው ብዙ አልነበረም፤ ከሰገራና ከደም ውስጥ ዓይን የማያየውን የሚያሳይ ማይክሮስኮፕ፣ ደምና ሽንት የሚያሽከረክር ዕቃ፣ የደም ማነስን ከቀለም ጋር አስተያይቶ የሚያሳይ ትንሽ ሳጥን፣ የመስታወት ቱቦዎች፣ በአልኮል የሚነድ ኩራዝ። አዲስ አበባ ወርዶ ሊመርጥ ሲነሳ ብርቄ ወደ እኔ ዞረች።

«አብረኸው ሂድ» አለችኝ። «የሰዉን ሁሉ በሬ ስትመርጥ ኖረህ የልጅህን ዕቃ ማን እንዲመርጥልህ ነው?»

ሄድኩ። ድርቆሽ በጫነ መኪና፣ እኔ ድርቆሹ ላይ፣ ዶክተሩም ድርቆሹ ላይ፣ ከረባቱን በእጁ ይዞ።

የፒያሳው ሱቅ ባለቤት የውጭ አገር ሰው ነበር፤ ሰው ሁሉ «ሙሴ» ነው የሚለው። ከታደሰ ጋር በእንግሊዝኛ ጥቂት ተባባሉና ሁለት ማይክሮስኮፕ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አቆመ። አንደኛው ጥቁር፣ ትልቅ፣ እግሩ ብረት፣ ሁለት ዓይን ያለው፣ ከሥሩ አምፖል የተገጠመለት። ሁለተኛው ትንሽ፣ ባለ አንድ ዓይን፣ በአምፖሉ ፈንታ ክብ መስታወት ያለው፤ ከእንጨት ሳጥን ውስጥ ነው የወጣው።

እንደ ልማዴ ዞርኳቸው። ሙሴው ከልጄ ጆሮ ጠጋ ብሎ በአማርኛ፣ «አባትህ ምን ሥራ ነው?» አለው።

«ገበሬ ናቸው።»

«ገበሬ እንዲህ አያይም» አለ ሙሴው። ደስ አለኝ፤ ግን ፊቴ ላይ አላወጣሁትም።

ትልቁን ለማንሳት ሞከርኩ። ክንዴ ተንቀጠቀጠ። ወዲያው ወደድኩት! እንዲህ ያለውን ነገር ሐረር ማን ይሸከመዋል? በአህያ ቢጫን ሚዛን ያስታል፣ በባቡር ቢጫን ይሰበራል። አንድ ቦታ ካስቀመጡት እንደ ወፍጮ ድንጋይ እዚያው ነው።

«ይሄ» አልኩ።

«እሱ ኮረንቲ ይፈልጋል፣ አባባ። ሱሉልታ ኮረንቲ የለም።»

«ይመጣል።»

«መቼ?»

መቼ እንደሚመጣ እኔ ምን አውቄ! ግን ልብ በሉ፤ ኮረንቲ የሚጠብቅ ሰው የትም አይሄድም። እኔ ያየሁት ይሄን ነው። ይሄን ደግሞ ጮክ ብሎ መናገር አይቻልም።

ታደሰ ትንሹን ወደ እኔ አቀረበው። መስታወቱ የሰማይ ብርሃን ከያዘ ይበቃዋል አለኝ፤ ወደ ሱቁ በር ወስዶም አሳየኝ። እኔ የማየው ግን ሳጥኑን ነበር። አናቱ ላይ የሚያብረቀርቅ የነሐስ ነገር አለበት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መያዣው ነው።»

«ምን ያደርግለታል?»

«ይዞ ለመሄድ ነዋ፣ አባባ።»

«ወዴት?»

«ወደሚፈለግበት።»

መያዣ ያለው ነገር አልወድም። መያዣ ማለት አንድ ቀን ሊነሳ የተዘጋጀ ማለት ነው። ታፋውን ሳልነካ ወደሚቀጥለው ዕቃ አለፍኩ። ታደሰ የበሬ መራጭ ልጅ ስለሆነ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። ያውቃል፤ ግን ትንሹን ገዛ። መዳፌ ሳያርፍበት ዓይኔ እያየ የተገዛ ዕቃ ከዚያ በፊት አልነበረም።

አንድ ነገር ግን አጽናናኝ። የሚያሽከረክረው ዕቃ በእጅ ነው የሚዞረው፤ ደሙ ያለበት ቱቦ ሲሽከረከር ከባዱ ወደ ታች ይቀራል፣ ቀላሉ ወደ ላይ ይወጣል። ወተት የሚናጥበት ቤት ለኖረ ሰው እንግዳ አይደለም። ዋናው ነገር ይህ ዕቃ ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር በብሎን የሚታሰር መሆኑ ነው። ብሎኑን አየሁት። ወፍራም ነው። ዕቃውን ጠፍ አድርጌ ወደ ጎን አልኩ።

ሙሴው ክው አለ። «አትምታው!» አለ።

ስንመለስ ታደሰ እንጦጦን እስክንወጣና እስክንወርድ ድረስ ሳጥኑን በጉልበቱ ላይ፣ መያዣውን በእጁ ጨብጦ ነበር። ያንን እጅ እያየሁ ስለ ጠረጴዛ ማሰብ ጀመርኩ።

በነጋታው ሥራ ገባሁ። ለላዩ የጽድ ሳንቃ፣ ለእግሩ ወይራ። ወይራ እንዴት እንደሚከብድ የተሸከመው ያውቃል። መጀመሪያ የክፍሉን በር ለካሁ። ከዚያ ሳንቃውን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አስገባሁና ጠረጴዛውን እዚያው ክፍሉ ውስጥ፣ ከበሩ በጣም ሰፋ አድርጌ ሠራሁት። እግሩንም ጠርቤ አላቀጠንኩትም። ማሽከርከሪያው በጠረጴዛው ላይ ይታሰራል፤ ጠረጴዛው በበሩ አይወጣም፤ እንግዲህ ማን ወዴት እንደሚሄድ እናያለን።

ብርቄ ምሳዬን ይዛ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ጠረጴዛውን አየች። በሩን አየች። እኔን አየች።

«ይሄ በየት በኩል ነው የሚወጣው?» አለች።

«ለምን ይወጣል?»

ምሳዬን አስቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሄደች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አየሁት። ቆየት ብሎ ታደሰ መጣ። ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ዞረው፣ ጎንበስ ብሎ እግሩን አየው፣ ተመልሶ በሩን አየ። «ጠንካራ ነው» አለ። ከዚያ ወደ እናቱ ሄደ።

እንዲህ ሆኖ ሥራው ተጀመረ። ሰው ግን አልመጣም።

መምጣትስ መጡ፤ ግን እያዩ ይመለሳሉ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ታደሰ ያመመውን ሰው ካየ በኋላ፣ «ቆይ ልመርምር» ይላል። ጣት ሊወጋ ይፈልጋል፣ ሽንት ይጠይቃል፣ ይባስ ብሎ ሰገራ በክብሪት ቀፎ አምጡ ይላል። ከዚያ በዚያ በትንሹ ዕቃ ላይ አጎንብሶ በአንድ ዓይኑ ይቆያል። ሰው ይሄን ሲያይ አዘነለት። ሐኪም ማለት እጅህን ይዞ ሕመምህን የሚነግርህ ሰው ነው፤ ይሄ ያን ሁሉ ዘመን ባሕር ማዶ ተምሮ አሁንም ዕቃ የሚጠይቅ ምን ዓይነት ነው? ባለ መርፌው እንኳ አንዴ አይቶ ነው የሚወጋው!

ጎረቤቴ ኦቦ በዳዳ እንዲህ ያለውን ነገር በልቡ የሚይዝ ሰው አይደለም። አብረን ያደግን ነን፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እሱ ለሁለታችንም ያወራል። አንድ ጠዋት አጥሬን ተደግፎ፣ «አካም ቡልተኒ» አለ፤ በእሱ ቤት ጠዋት ሰላምታ የሚሰጠው በኦሮምኛ ነው፣ ወሬ የሚወራው በመጣው ቋንቋ ነው። ሰው ሲጠራም በኦሮምኛ «ያ» ይላል፣ «አንተ» ለማለት። «ያ ደጀኔ፣ ልጅህ ትምህርቱን ሳይጨርስ ነው እንዴ የመጣው?»

«ጨርሷል።»

«ታዲያ ያ ዕቃ ምን ይነግረዋል?»

እኔም በትክክል አላውቅም ነበር፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። በዳዳ ዝምታዬን እንደ ሐዘን ቆጥሮት አጽናንቶኝ ሄደ።

ክረምቱ ገባ። የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ያዘ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ። ታደሰ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነባል። ሽንት ውስጥ ስኳር መኖሩን የሚያሳየውን ሰማያዊ መድኃኒት በኩራዙ ላይ እያሞቀ፣ የራሱን ሽንት እየጨመረ፣ ቀለሙ ይለወጥ እንደሆነ ያያል። አይለወጥም፤ ጤነኛ ነው። ጤነኛ ሐኪም፣ ያለ ሕመምተኛ። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ። መስቀል በመጣ ቁጥር ሌላ ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ዓመት ግን ደመራ የሚባል ነገር ባይኖር በወደድኩ።

ጳጉሜ ላይ በዳዳ ወደ ልጄ ክፍል መጣ። እኔም ጣሪያው አፍስሶ ልደፍን መሰላል ላይ ነበርኩ። የበዳዳ ቤት ሰው ሁሉ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ሚስቱ እመት ጫልቱ ከሁሉም ብሶባት ከመደብ አልነሳ ብላለች። ባለ መርፌው በጭቃው ምክንያት ከመጣ ሰንብቷል። ታደሰ ከሦስት ቀን በፊት በመንገድ ላይ አግኝቶት፣ «ያመመው ሰው ሁሉ በክብሪት ቀፎ ያምጣ» ብሎት ኖሯል። በዳዳ ከጋቢው ውስጥ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጣና በሁለት እጁ ሰጠው። አንድ የክብሪት ቀፎ ነው።

«የማን ነው?» አለ ታደሰ።

«የቤቱ።»

«የቤቱ የማን?»

«የቤቱ ነዋ፣ ዶክተር! የሁላችንም። ከአንድ ገበታ ነው የምንበላው፤ ምን መለያየት አመጣህብን? ትንሽ ትንሽ አዋጥተን ነው። ሕፃኑ እንኳ የድርሻውን አውጥቷል።»

ታደሰ ቀፎውን ይዞ ቆመ። ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ ሳቅ ፈነዳበት፤ ጠረጴዛውን ተደግፎ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። ከባሕር ማዶ ከመጣ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁም። በዳዳም መጀመሪያ ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ሳቁ ያዘውና አብሮ ሳቀ። እኔ መሰላል ላይ ስለሆንኩ እንዳልወድቅ መሰላሉን ጨብጬ መያዝ ነበረብኝ።

ታደሰ ዓይኑን ጠረገና፣ «ኦቦ በዳዳ፣ እርስዎ ይህን ያህል ከተሸከሙልኝ እኔም ልሸከም» አለ። ማይክሮስኮፑን ሳጥኑ ውስጥ ከተተ፣ መያዣውን ጨበጠና ወጣ።

መያዣውን ሲይዝ ማየት አልወድም ነበር። ከመሰላሉ ወርጄ ተከተልኳቸው።

የበዳዳ ግቢ ስንደርስ ሰው ተሰብስቧል። ሐኪሙ ዕቃውን ይዞ በጭቃ መጣ ሲባል ማን ቤቱ ይቀመጣል? ታደሰ ሙቀጫ ገልብጦ ማይክሮስኮፑን ላዩ ላይ አቆመ። ለሰማዩ ምስጋና ይግባውና ፀሐይዋ ያን ጊዜ ብቅ አለች፤ መስታወቱን ወደ እሷ አዞረ። ከቤተሰቡ ከእያንዳንዱ ለየብቻ ተቀበለ። በዳዳ «ድርብ ሥራ ነው» እያለ አጉረመረመ። ታደሰ በየተራው አየ፣ ቀና አለ።

«የወስፋት እንቁላል ነው። ሁላችሁም አለባችሁ፤ እመት ጫልቱ ጋ ደግሞ ሌላም ዓይነት አለ፣ ለእሳቸው መድኃኒቱ ይለያል።»

«እንቁላል?» አለ በዳዳ። «ዶሮ ነን እንዴ?»

«ኑና እዩ።»

ማንም አልተነቃነቀም። በእኛ አገር አዲስ ነገር ታላቅ ሳይቀምሰው ታናሽ አይቀምሰውም። ጠላም ቢሆን፣ እሸትም ቢሆን፣ የወስፋት እንቁላልም ቢሆን። ዓይኖች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ከበዳዳ በአንድ ክረምት እበልጣለሁ።

ጎንበስ ብዬ ዓይኔን አደረግሁ። ልንገራችሁ፤ የታየኝ ጥቁር ጥቁር የአጥር እንጨት የመሰለ ነገር ነው። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ አጥሩ ይንቀሳቀሳል። ወስፋት አጥር ያጥራል አልተባልኩም። ትንሽ ቆይቼ ገባኝ፤ የማየው የራሴን ሽፋሽፍት ነው።

ቀና አልኩ። የበዳዳ ሚስት እንኳ ከመደቧ ላይ አንገቷን አውጥታ ታየኛለች። ልጄም ያየኛል። «አላየሁም» ብል ነገሩ አለቀ፤ መስቀልም ሐረርም መጣ። «አየሁ» ብል ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ አልወድም፣ ብዙ ማውራት ይጠይቃል። ምን ላድርግ? ዕቃውን አየሁት። በጭቃ መጥቶ ሙቀጫ ላይ ቆሟል፣ ያለ ኮረንቲ፣ ሳያጉረመርም። እግሩ አልተንገዳገደም። በሬ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር?

መዳፌ ራሱ ሄደ። ጠፍ አደረግሁትና ወደ ጎን አልኩ።

«አባባ! ቀስ!» አለ ታደሰ፤ መስታወቱን በሁለት እጁ ያዘው።

የሰማው ግን አልነበረም። «መታው! መታው!» ተባለ። በዳዳ ጋቢውን ወደ ትከሻው ወርወር አድርጎ፣ «በሉ ተሰለፉ!» አለ። «ደጀኔ ከመታው ነገሩ አልቋል።» ከዚያ ራሱ ቀድሞ አየና እንቁላሉን አገኘው፣ ለሚስቱ ጮኾ ነገራት፣ ከኋላው ያለውን ሰው ግን አላሳልፍ አለ።

እመት ጫልቱ መድኃኒቷን ወስዳ ለዘመን መለወጫ ቆማ ስትዘፍን ዋለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሰው መጣ፤ ጣቱን እየሰጠ፣ ቀፎውን እየያዘ፣ ለየራሱ ለየራሱ። ሳይመረመር መድኃኒት የተሰጠው ሰው «እኔን ለምን ናቀኝ?» ብሎ የሚቀየምበት ጊዜ ሆነ። መስቀል መጣ፣ አለፈ። ታደሰ ስለ ሐረር አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁም። በልቤ ግን፣ ያ መዳፌ ነው ያስቀረልኝ እያልኩ፣ ለማንም ሳልናገር፣ ኮራሁ። አንድ ቅሬታ ብቻ ነበረኝ፤ ያን ሳጥን አንጠልጥሎ ዛሬ ቡራዩ ነው፣ ነገ ሰበታ ነው፣ ከዚያ ወደ መናገሻ። ቀረ ከተባለ ወዲህ ጭራሽ አላገኘውም። መያዣ አልወድም ያልኩት በከንቱ አይደለም።

በማግሥቱ ዓመት ሁለት ክፍሎቹ ጠበቡ። ታደሰ ከመንገዱ ማዶ ሰፊ ቤት አገኘ። ዕቃው ሁሉ በአንድ ጠዋት ተሻገረ፤ አልጋው፣ መደርደሪያው፣ ቱቦው፣ ሳጥኑ። ጠረጴዛው ቀረ። ሰው ሁሉ በዙሪያው ቆሞ በሩን ያያል።

«ልቁረጠው» አልኩ። መጋዝ ይዤ ነበር የመጣሁት።

«አይቆረጥም» አለ ታደሰ። «ግድግዳው ይፈርሳል። ከወይዘሮ ፋንታዬ ጋር ተነጋግረናል፤ መልሼ አስመርጋለሁ።»

«ለጠረጴዛ ብለህ ግድግዳ ታፈርሳለህ?»

ልጄ አየኝ። ሳቅ ሊል ፈልጎ ተወው። «እማዬ አልነገረችዎትም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ይሄን ጠረጴዛ እዚህ ውስጥ ሲሠሩት ያየሁ ቀን ነው እንደማልሄድ የነገርኳት። ከበር የሚሰፋ ጠረጴዛ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ አይጠፋኝም፣ አባባ። ሰው ባይመጣም ልጠብቅ ወስኜ ነበር።»

ወደ ብርቄ ዞርኩ። ያን ሁሉ ክረምት፣ ያን ሁሉ ጭቃ፣ ደመራ ባይኖር ብዬ የተመኘሁበትን ጊዜ አሰብኩ። ብርቄ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አልጠየቅከኝም» አለች።

እውነት ነው። አልጠየቅኳትም።

ግድግዳው ፈረሰ፤ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ ብዙ አላስቸገረም። ጠረጴዛው ወጣ። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ተሸክሞት እየተንገዳገደ ጎጃም መንገድን ሲያቋርጥ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ አሳለፈው። በዳዳ ከፊት በኩል ነበር፤ ፊቱ በላብ ርሷል፣ እጁ ሳንቃው ላይ እየተንሸራተተ መያዣ ይፈልጋል።

«ያ ደጀኔ!» ብሎ ጮኸ። «ሰው ምን ቢሆን መያዣ የሌለው ነገር ይሠራል?»

አዲሱ ቤት በሩ ሰፊ ነው፤ ያለ ችግር ገባ። መስኮቱ ሥር አስቀመጡት። ታደሰ ማሽከርከሪያውን መልሶ በብሎን አሰረ፣ ሳጥኑን ከጎኑ አኖረ፣ ቀና ብሎም እኔን ያየኝ ጀመር። ሌላውም ሰው ላቡን እየጠረገ ያየኛል። አንድ ነገር መናገር እንዳለብኝ ገባኝ።

ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ዞርኩት። ታፋውን ጠፍ አድርጌ ወደ ጎን አልኩ።